ላስቲኮቹ አይሳሳሙ፦ ከአንድ የመረብ ኳስ ቡድን የማሟሟቂያ ደብተር

ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ

ደብተሩን ዛሬ ጀመርኩት። ምክንያቱን ለመጻፍ ግን ወደ አምና ግንቦት መመለስ አለብኝ። 11 ቁጥራችን ለብሎክ፣ መረቡ ላይ የተጋጣሚን ምት ለመከልከል፣ ዘላ ስትወርድ ማንም አልነካትም፤ ኳሱ እንኳ ወደ እሷ አልመጣም ነበር። ቀኝ ጉልበቷ ወደ ውስጥ እጥፍ አለና "ቀጭ" የሚል ድምፅ ሰማን። አላለቀሰችም። "ቲቸር፣ ውስጤ የሆነ ነገር ለቀቀ" ብላ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች። በማግስቱ ወጌሻ ዘንድ ተወስዳ ታሸች፤ ወለምታ ነው ተባለ። እብጠቱ ሲጎድል መራመድ ጀመረች፤ ደረጃ ስትወርድ ግን ጉልበቷ ይከዳታል። አዲስ አበባ ሄዳ ኤምአርአይ ስትነሳ ነው የፊት መስቀለኛው ጅማት፣ ኤሲኤል የሚሉት፣ መበጠሱ የታወቀው። አሁን ሜዳ ዳር ተቀምጣ ነጥብ ትይዝልኛለች። ከዚህ ደብተር ግማሹን የምትሞላውም እሷ ናት።

የእኛ ማሟሟቂያ እስከ ዛሬ ይኸው ነው፦ ሜዳውን አምስት ዙር መሮጥ፣ ክብ ሠርቶ መቆም፣ ካፒቴኗ እስከ ሠላሳ ስትቆጥር እግርና እጅ መሳብ፣ ከዚያ ወደ ኳስ። እኔም በተማሪነቴ የሠራሁት ይህንኑ ነበር። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። የኔ ጥያቄ፦ ኳስ ከመያዛችን በፊት ያለችው ሃያ ደቂቃ ልጆቹ ከአየር ላይ የሚወርዱበትን ሁኔታ ትለውጣለች ወይ?

ልጆቹ 14 ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 17። ሜዳው ደሴ፣ የትምህርት ቤታችን ሲሚንቶ። ልምምዱ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12፡30።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያው ቀረጻ ከሸፈ።

የልጆቹን አወራረድ የማይበት ፈተና 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ሳጥን ይጠይቃል። ልጅቷ ከላዩ ሆና ወደ ፊት ትዘላለች፣ የቁመቷን ግማሽ ያህል ርቃ በሁለት እግሯ ታርፋለች፣ እዚያው ሳትዘገይ የቻለችውን ያህል ወደ ላይ ትነጥራለች። አንድ ካሜራ ከፊት፣ አንድ ከጎን፣ ሦስት ሙከራ። ተመራማሪዎቹ "ሌስ" በሚሉት ዘዴ በ17 ነጥቦች ያርሙታል፤ ነጥብ የሚቆጠረው ለስሕተት ስለሆነ እንደ ክፍል ፈተና አይደለም፣ ትንሽ ያመጣች ትበልጣለች። እኔ ሳጥን ስላልነበረኝ ከሻይ ቤቱ የለስላሳ ሳጥን ተውሼ ገለበጥኩት። 4 ቁጥር ስትወጣበት ተንገዳገደ፤ ሁላችንም ጮኽን። ጉልበት ላድን ብዬ ቁርጭምጭሚት ላስሰብር ነበር።

ሁለተኛው ጣጣ ቪዲዮው ነው። በተራው አቀራረጽ ስልኬ በሰከንድ 30 ምስል ይይዛል፤ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል 33 ሚሊ ሰከንድ ያልፋል። በእጅ ኳስና በቅርጫት ኳስ ሴት ተጫዋቾች ላይ የደረሱ ዐሥር ጉዳቶችን ከየአቅጣጫው በተነሳ ቪዲዮ የመረመሩ ሰዎች በ2010 እ.ኤ.አ. እንዳወጡት፣ ጅማቱ የሚበጠሰው እግር መሬት በነካ በ40 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። እንግዲህ የምፈልገው ነገር ከሞላ ጎደል በአንድ ምስልና በሚቀጥለው መካከል አልፎ ሄዷል። ይህ ቁጥር ሌላም ነገር ነገረኝ። በ40 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ "ኧረ ጉልበቴ!" ብሎ ማሰብና ማስተካከል ለማንም ሰው አይቻልም። እግር የሚዘጋጀው ገና አየር ላይ እያለ ነው። ሜዳ ዳር ቆሜ "ጉልበት! ጉልበት!" እያልኩ የጮህኩባቸው ዓመታት አሳዘኑኝ።

እህቴ ከኩዌት የላከችው ስልክ በስሎው ሞሽን 240 ምስል ይይዛል፤ በየ4 ሚሊ ሰከንዱ አንድ ማለት ነው። ቤት ለጥሪ ብቻ ይውል የነበረው ስልክ ማዕረግ አገኘ።

ሦስተኛውን አስቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። ልጆቹ የሚለብሱት ሰፊ ቱታ ነው፤ አንዳንዶቹ በሃይማኖታቸው፣ ሌሎቹ በብርዱ ምክንያት። እኔም ራሴ በዚያ ሰዓት ያለ ቱታ አልወጣም፤ የጦሳ ተራራ ንፋስ ቀልድ አያውቅም። ቪዲዮው ላይ የሚታየው የሚወዛወዝ ጨርቅ ብቻ ሆነ። መላ ያመጣችው 11 ቁጥር ናት። ከታናሽ እህቷ የሱዚ መጫወቻ ላስቲክ ቆርጣ አመጣችና በቱታው ላይ፣ ከጉልበት ሎሚው በታች፣ በሁለቱም እግር አሰረች። አሁን ጉልበቱ የት እንዳለ ከሜዳው ማዶ ይታያል። የእህቷን ልቅሶ ግን አልመዘገብንም።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

አናጺው ጥሩ ሳጥን ሠራልኝ። እግሮቹን ሰፋ አድርጎ፣ ላዩን በሸካራ ምንጣፍ ሸፍኖታል።

ዛሬ ሁለት ጊዜ ቀረጽን። መጀመሪያ ትንሽ በእግር ከተዘዋወሩ በኋላ፣ ገና ሳይሞቁ፤ ቀጥሎ አሮጌውን ማሟሟቂያ ጨርሰው። ከዚያ ግድግዳው ላይ በጠመኔ የዘለሉበትን ምልክት አደረጉ። አሥራ ሰባቱን ነጥብ በስልክ ማረም ዓይን ስለሚያደክም አምስት ነገር ብቻ መረጥኩ፦ ሲያርፉ ጉልበት ታጥፏል ወይ፣ ላስቲኮቹ ተቀራርበዋል ወይ፣ ሁለቱ እግሮች እኩል ነክተዋል ወይ፣ ደረት ወደ ጎን ዘንብሏል ወይ፣ ድምፁ ምን ያህል ነው። እኔና 11 ቁጥር ለየብቻ አይተን አመሳከርን።

ሳይሞቁ ላስቲካቸው የተቀራረበ፦ 10። ከማሟሟቂያው በኋላ፦ 10። ልጆቹም ያው ናቸው። በሁለቱ ላይ አልተስማማንም ነበር፤ ደግመን አይተን እሷ ልክ ሆነች።

የጠመኔው ምልክት ግን አብዛኞቹ ጋ ከፍ ብሏል። ይህ አያስገርምም፤ የሞቀ ጡንቻ በፍጥነት ይኮማተራል። ከፍ ብላ የዘለለች ልጅ ግን ከፍ ካለ ቦታ ነው የምትወርደው። ያሞቅነው ሞተሩን ነው፤ ፍሬኑን አልነካነውም። እስከ ሠላሳ እየቆጠሩ መሳቡንስ? አንድን ጡንቻ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይዞ መሳብ ለጊዜው የመዝለል ኃይልን በጥቂቱ ይቀንሳል ይባላል። የኛው አጭር ስለሆነ የሚጎዳ አይመስለኝም። ግን በደሴ ጠዋት ክብ ሠርቶ መቆም ሩጫው ያመጣውን ሙቀት መልሶ ይወስደዋል። እሱን አስወጣሁት።

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ

አዲሱ ማሟሟቂያ ዛሬ ተጀመረ። አዲስ ያልኩት ለእኛ ነው። መሠረቱ ፊፋ ለእግር ኳስ ያዘጋጀው "11 ፕላስ" ነው፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ይወስዳል፣ በሦስት ይከፈላል፦ ስምንት ደቂቃ ቀላል ሩጫ ከእንቅስቃሴ ጋር፣ ዐሥር ደቂቃ የጥንካሬ፣ የሚዛንና የዝላይ ሥራ፣ ሁለት ደቂቃ ፈጣን ሩጫ። ኖርዌይ ውስጥ ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ 1,892 ሴት ተጫዋቾች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2008 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ በሠሩት ቡድኖች ከባድ ጉዳት በግማሽ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። ስዊድኖች ደግሞ ከ4,500 በላይ ታዳጊ ልጃገረዶችን ይዘው በሳምንት ሁለቴ 15 ደቂቃ የጉልበት ሥራ ሲያሠሩ የመስቀለኛ ጅማት ጉዳቱ በ64 በመቶ አነሰ፤ ይህ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። ሁለቱም ግን የተሞከሩት በእግር ኳስ ነው። የኛ ልጆች እየሮጡ አቅጣጫ ከመቀየር ይልቅ መረብ ሥር ወደ ላይ ወጥተው መውረድ ይበዛባቸዋል። ስለዚህ ከሩጫው ቀንሼ ዝላይና ማረፍ ጨመርኩ።

ባልደረባዬ "ሴት ስለሆኑ ነው፣ ዳሌያቸው ሰፊ ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ?" አለኝ። ዳሌውን ምንም አላደርገውም። የአጥንት ቅርጽም፣ ሆርሞንም ድርሻ አላቸው ይባላል፤ ሴቶች ከወንዶች በላይ ይህን ጅማት እንደሚበጥሱም የታወቀ ነው። እኔ ግን የማየው ሌላም ነገር አለ። ወንዶቹ ከአጥር ላይ ሲዘሉ ነው ያደጉት። ሴቷ ዐሥር ዓመት ሲሞላት "አንቺ ልጅ፣ ተሰብሰቢ!" ተብላለች። መውረድን የተለማመደችበት ቦታ የለም። 15 ዓመት ሲሞላት አምጥተን ከ2.24 ሜትር መረብ ጋር እናፋጥጣታለን።

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ

ከአዲሱ ማሟሟቂያ ውስጥ ኖርዲክ የሚሉት የጥንካሬ ሥራ ችግር ሆነ። ተንበርክከው፣ ጓደኛ ቁርጭምጭሚታቸውን ይዛ፣ ወገባቸውን ሳያጥፉ ቀስ ብለው ወደ ፊት መውደቅ ነው። ከታፋ በስተኋላ ያለውን ጡንቻ ያጠነክራል፤ ያ ጡንቻ ደግሞ የቅልጥሙን አጥንት ወደ ኋላ እየሳበ መስቀለኛውን ጅማት ያግዘዋል። ልጆቹ "ግንድ ቆረጣ" ብለው ስም አወጡለት፤ በእርግጥም እንደ ግንድ ነው የሚወድቁት። ሲሚንቶው ጉልበታቸውን ስለፈጀው 6 ቁጥር ከቤቷ አጎዛ ይዛ መጣች። አሁን አጎዛው በተራ ይዞራል። በሚቀጥለው ቀን ሁሉም እንደ አሮጊት ነበር የሚራመዱት፤ ከስድስት ወደ ሦስት ድግግሞሽ ዝቅ አደረግሁት። ከጅምሩ በሦስት መነሳት ነበረብኝ።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ሦስት ሳምንት ሊሞላ ነው፤ ማረፉ ላይ እምብዛም ለውጥ የለም። ጥንካሬው መጥቷል። ጥፋቱ የኔ አፍ ይመስለኛል። "ጉልበትሽን እጠፊ፣ ወደ ውጭ ግፊ፣ ዳሌሽን ወደ ኋላ፣ ደረትሽን ቀና" እላለሁ። አራት ትእዛዝ ለአንዲት ዝላይ! 9 ቁጥር ይህን ሁሉ ለመፈጸም ስትሞክር እንደ ብረት ድርቅ ብላ ወረደች።

ዛሬ ሁሉንም ተውኩና አንድ ነገር ብቻ አልኩ፦ "ላስቲኮቹ አይሳሳሙ!" ሳቁ። ዘለሉ። አልተሳሳሙም። ስለ ሰውነቷ ክፍል እንድታስብ ሳይሆን ከሰውነቷ ውጭ ስላለ ነገር እንድታስብ ማድረግ ለእንቅስቃሴ የተሻለ ነው የሚል ነገር አንብቤ ነበር፤ ማንበብና ማየት ግን ይለያያል።

ሌላም ጨመርን። ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዷ ጀርባዋን ታዞራለች፣ ሌላዋ ትዘላለች፤ ያዞረችው በድምፁ ብቻ ትፈርዳለች። "ድው" ካለ ይደገማል። እንደ ድመት ካረፈች ተራ ይለወጣል። የማረፊያን ድምፅ እንዲያዳምጡ መንገር ብቻውን መሬት መልሶ የሚመታውን ኃይል እንደሚቀንስ በሙከራ ታይቷል፤ መሣሪያ ደግሞ አይጠይቅም። ሲሚንቶው ራሱ ይናገራል። የ2 ቁጥር እናት ልጃቸው ሌሊት ከአልጋ ስትወርድ ድምፅ ማሰማት እንደተወች ነገሩኝ፤ "ምን እያስተማርሻት ነው ቲቸር? ሌብነት ነው?" አሉኝ።

ለራሴ፦ ቃል ልቀይር። ትናንት ደብተሩን ባለቤቴ ገልጦ "4 ቁጥር በአንድ እግሯ አረፈች" የሚለውን ቢያነብ፣ "ማን ናት ያረፈችው?" ብሎ ደነገጠ። ከእንግዲህ "ወረደች" እላለሁ።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ጾሙ ገብቷል፤ ብርዱም አብሮ። ሜዳ ላይ ውርጭ ነበር፤ እስኪደርቅ ሩጫውን በግቢው አቧራ ላይ አደረግነው። ሰባት ብቻ መጡ። የኖርዌዩን ጥናት የሠሩት ሰዎች አዘውትረው የሠሩት ቡድኖች ናቸው ይበልጥ የተጠቀሙት ይላሉ፤ አዘውትሮ መሥራትን ግን ማን ያመጣል? ኳስ እስኪያዝ ድረስ ያለውን ሰዓት ሁሉ ልጆቹ እንደ ቅጣት ነው የሚያዩት። የጥንካሬውን ክፍል ከልምምዱ መጨረሻ ሳይሆን ከመጀመሪያው ጋር ማድረጌ በጀ፤ ጥለውት አይሄዱም፣ ኳሱ ከኋላ ነው የሚጠብቃቸው።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ሁለተኛው የሳጥን ቀረጻ። ያው ሳጥን፣ ያው ስልክ፣ ያው ሰዓት። 14ቱም መጡ።

ላስቲካቸው የተቀራረበ፦ 4። አምና ቢሆን ይህን ይዤ ሻይ እጋብዝ ነበር፤ ዛሬም ጋበዝኩ። ጉልበታቸውን አጥፈው ይወርዳሉ፣ ድምፁ ቀንሷል። ሳይሞቁ ስንቀርጻቸውም ያው ጥሩ ናቸው፤ ይህ ከሁሉ ደስ አለኝ። የተለወጠው በዚያ ጠዋት ሙቀት አይደለም ማለት ነው፤ በስድስት ሳምንት ድግግሞሽ ነው። ማሟሟቂያው እንደ ማሟሟቂያ ምንም አላደረገም። እንደ ትምህርት ነው የሠራው።

ከጎኑ ደግሞ ልጻፍ፦ ማነጻጸሪያ ቡድን የለኝም፣ ልጆቹም ፈተናውን ያውቁታል፣ እኔም እንዲያልፉ የምመኝ አራሚ ነኝ።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ዛሬ የወዳጅነት ግጥሚያ ነበረን። 11 ቁጥር ከሜዳው መጨረሻ መስመር ጀርባ ሆና ስትቀርጽ ዋለች። 3 ለ 1 አሸነፍን፤ ማታ ቪዲዮውን ሳይ ግን ደስታዬ ጠፋ።

31 የስፓይክ (የምት) እና የብሎክ አወራረድ አገኘን። 19ኙ በአንድ እግር ናቸው። ሳጥን ላይ አንድም ጊዜ በአንድ እግር አልወረዱም፤ ምክንያቱም በአንድ እግር እንዲወርዱ የጠየቃቸው የለም። ቀኝ እጅ መቺዎቹ ግራ እግራቸውን ነው የሚያስቀድሙት። ሳጥኑ ላይ ንጹሕ የነበረችው 7 ቁጥር እንኳ በአራተኛው ዙር ጨዋታ ላይ ላስቲኳን ስታሳስም አየኋት።

ቪዲዮውን ስደጋግመው ከበስተጀርባው ያለውን አየሁ። ሴተሯ፣ ኳሱን ለመቺ የምታመቻቸው ልጅ፣ ኳሱን ከፊቷ ስትሰጣት 7 ቁጥር ቀጥ ብላ መትታ በሁለት እግሯ ትወርዳለች። ኳሱ ከራሷ አልፎ ወደ ጀርባዋ ሲሄድ አየር ላይ ትለመጣለች፤ በግራ እግሯ ብቻ፣ ዘንበል ብላ ትወርዳለች። ጉልበቱ የ7 ቁጥር ነው፤ ስሕተቱ የጀመረው ከሴተሯ ጣት ነው። ከዚያም አልፎ ሴተሯን ያሯሯጣት መጥፎ ፓስ አለ። ይህን የትኛውም የሳጥን ነጥብ አይዝም።

ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ2005 እ.ኤ.አ. 205 ልጃገረዶችን ከሳጥን አዘልለው፣ በኋላ የተጎዱት ዘጠኙ ጉልበታቸው ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገባ እንደነበር የጻፉ አሜሪካውያን አሉ፤ ይህ ሙከራ ነው ሁላችንንም ሳጥን ያስሠራን። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከ700 በላይ ከፍተኛ ደረጃ ያላቸው የኖርዌይ የእጅ ኳስና የእግር ኳስ ሴቶችን የተከታተሉት ሰዎች፣ በሳጥኑ ዝላይ ማን እንደምትጎዳ መለየት አልቻሉም። ሳጥኑ ሲኒ አንባቢ አይደለም። እኔ ግን ሳላውቀው ሲኒ አንባቢ አድርጌው ነበር።

ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ

ኳሱን ማሟሟቂያው ውስጥ አስገባሁት። ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ ተሣለ፤ የሣለችው 11 ቁጥር ናት፣ ቤቶቹን ለትልቅ እግር አስፍታ። በአንድ እግር እየዘለሉ ይሄዳሉ፣ በየቤቱ ሁለት ሰከንድ ጸጥ ብለው ይቆማሉ፣ እኔ ከጎን በድንገት ኳስ እወረውራለሁ፣ ይቀልባሉ፣ መስመር የረገጠች ከመጀመሪያ። "ቲቸር ልጅ አደረገችን" አሉ። ከዚህ በፊት ያሠራኋቸው የሚዛን ሥራ እንደዚህ አስቆ አያውቅም፤ ማንም ለመውጣት አልቸኮለም።

ቀጥሎ መረቡ ሥር፦ ሴተሯ ሆን ብላ መጥፎ ኳስ ትሰጣለች፣ መቺዋ ሦስት ምርጫ አላት፤ መምታት፣ አመቻችታ ማሻገር፣ ወይም ጭራሽ አለመዝለል። አለመዝለልን ያመሰገንኩበት የመጀመሪያው ቀን ነው። ለሴተሯም ለብቻዋ ዐሥር ደቂቃ ሰጠኋት፤ የማሟሟቂያው አካል ነው ስላት አላመነችኝም።

ታኅሣሥ 17፣ ሐሙስ

ምንም የሚጻፍ የለም። ዝናብ። ኮሪደር ውስጥ ግንድ ቆረጣና ሚዛን ብቻ። ርዕሰ መምህሩ ስለ ጩኸቱ ተናገሩን።

ታኅሣሥ 26፣ ቅዳሜ

ሁለተኛ ግጥሚያ፣ ያው ተጋጣሚ። 3 ለ 2 ተሸነፍን።

28 አወራረድ። በአንድ እግር 16። ከፊተኛው ጋር ሲተያይ ያው ነው ማለት ይቻላል። የተለየው ከወረዱ በኋላ ያለው ነው፦ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ ሁለተኛው እግር ቶሎ ይደርሳል፣ ላስቲኩ ቦታውን ይይዛል። በጣም መጥፎ ያልናቸው ባለፈው 8፣ ዛሬ 3። ከሦስቱ ሁለቱ የ9 ቁጥር ናቸው።

9 ቁጥር ሳጥኑም ላይ፣ ጨዋታውም ላይ ለውጥ ያላየሁባት ብቸኛዋ ናት። ከጨዋታው በኋላ ጠርቼ ስጠይቃት ከሎሚው በታች ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያማት እንደቆየ ነገረችኝ። "ለምን አልነገርሽኝም?" "ታስቀምጪኛለሽ ብዬ ነው ቲቸር።" "አብሽሪ" አልኳት፤ አስቀመጥኳትም። እስክትታይ ዝላይ የለም። ማሸትም የለም፤ ሰኞ ሆስፒታል አብሬያት እሄዳለሁ ብያለሁ፣ እናቷም እሺ አሉ። ስንት ሳምንት ቪዲዮ ስቆጥር ሕመሟን አለመጠየቄ ያናድዳል። ከሐሙስ ጀምሮ በየጠዋቱ ከሩጫው በፊት "የት ያማል?" የሚል ዓምድ ደብተሩ ላይ ይጨመራል።

11 ቁጥር ዛሬ ጠመኔውን እንደያዘች ሰኞ ማክሰኞው ውስጥ ልትገባ ጠየቀችኝ። በእግር እየተራመደች ከሆነ ይሁን አልኳት፤ በአንድ እግር ግን ሐኪሟ ፈቅዶ ወረቀት ካመጣች ብቻ። ተኮሳተረች፣ ግን በእግሯ ሄደች፣ ሰማዩ ቤት ደርሳ ዞረች።

ማክሰኞ ገና ስለሆነ ልምምድ የለም። ሐሙስ ጥር 1 ሳጥኑ መመለስ ነበረበት፤ አንዱ እግሩ ተሰንጥቆ አናጺው ዘንድ ነው።